የትኛውም ገጽ የማይጠቅሳቸው ፋይሎች

ዲስኩ የሞላው ሰኞ ጠዋት ነው። ከሬንክ ደወሉልኝ። ሬንክ ከሱዳኑ ጦርነት የሚሸሽ ሰው ወደ ደቡብ ሱዳን የሚገባባት የጠረፍ ከተማ ናት። የምሠራበት ድርጅት እዚያ መዝጋቢዎች አሉት፤ በመንገድ ላይ ዘመድ የጠፋበትን ሰው ተቀብለው፣ የጠፋውን ስም፣ ፎቶና ታሪክ ጁባ ወዳለው ሰርቨር ይልካሉ። የዚያን ቀን የላኩት ሁሉ ቦታ የለም እየተባለ ተመለሰባቸው። ከሦስት መቶ በላይ ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ቆሟል አሉኝ።

እኔ እንድሪያስ እባላለሁ፤ ያንን ሰርቨር ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ቢሯችን ጁባ፣ ጀበል የሚባለው ሰፈር፣ ከተራራው ሥር ነው። ዲስኩ እንደሚሞላ ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ለመጀመሪያው ደርሶናል አሉ፤ ለሁለተኛው እየታየ ነው አሉ፤ ለሦስተኛው ዝም አሉ። ሰኞ ዕለት አራተኛውን ስጽፍ የጨዋ ቋንቋ አልተጠቀምሁም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል መልሱ በሰዓቱ የመጣው። አዲስ ዲስክ ዘንድሮ አይታሰብም፤ ያለውን እስከ ዓርብ እኩለ ቀን አጽዳ ይላል።

ስለ ማጽዳት ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ድረ ገጻችንን የምንሠራበት ሥርዓት ምንም ነገር አይጥልም። አንድ ገጽ ከፍተህ አንድ ቃል ቀይረህ ስታስቀምጥ አዲሱ ከላይ ይታያል፣ አሮጌው ከሥሩ ይቀመጣል። መቶ ጊዜ ብትቀይር መቶ የቀድሞ ቅጂ ከሥሩ ይደረደራል፤ ሰው የሚያየው ግን የላዩን ብቻ ነው። ይህን ክምር ማጽዳት ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ የቀድሞ ቅጂዎቹ መዝገብ ይሰረዛል። ይህ ብቻውን ዲስኩን አያቀልለውም፤ መዝገቡ ውስጥ የነበሩት ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ለብቻው ባለ መጋዘን ውስጥ፣ ስም በሌላቸው ፋይሎች ተቀምጠው ይቀራሉ። በሁለተኛው ደረጃ ሥርዓቱ መጋዘኑን ያስሳል፤ የትኛውም ገጽ የማይጠቅሰውን ፋይል ሁሉ ያጠፋል። ቦታ የሚገኘው ያኔ ነው። የፈጠሩት ሰዎች ሁለተኛውን ደረጃ ቆሻሻ መሰብሰብ ብለውታል። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስጠራው አንድ ቀን እንኳ አፌ ላይ አልከበደኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል ላክሁ። ነገ የገጾችን የቀድሞ ቅጂዎች እሰርዛለሁ፣ ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያሳውቀኝ፣ ይላል። ማንም አልጻፈም።

ዶርቃ ግን መጣች። መዝጋቢዎቹ የሚልኩትን ተቀብላ ገጽ ላይ የምታወጣው እሷ ናት። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ጋምቤላ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች፣ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ የሚለሰልስ ልጅ ናት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ "ኢንጂነር፣ ስለዚያ ኢሜይል አንድ ነገር ላስረዳዎት ነበር" አለችኝ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ከሬንክ ለአምስተኛ ጊዜ ደውለውልኛል። ማስረዳት የፈለገች ትጻፍ አልኋት። እዚህ ቢሮ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያወራል፣ በኋላ ሲጠየቅ ግን ወረቀት ያለው የለም፣ አልኋት። ሌላም ነገር ጨምሬያለሁ፤ የማልደግመው ነገር ነው። እሺ ብላ ሄደች። አልጻፈችም። እኔም ያን ጊዜ አለመጻፏን እንደ ማስረጃ ያዝሁባት።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ትእዛዙን ሰጠሁ። አንድ መስመር ነው። የእያንዳንዱን ገጽ ላይኛ ቅጂ ተው፣ የቀረውን ሰርዝ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስህተት የሚል ቃል ሳያሳይ ጨረሰ። ሥርዓቱ ከመዝገብ የወጣን ፋይል ሁለት ቀን ሳይሞላው አያጠፋም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ደረጃ ለዓርብ ስድስት ሰዓት አዘጋጅቼ፣ ለሬንክ ሁለት ቀን ታገሡ ብዬ ደወልሁ። ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ዶርቃ ቢሮ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ከዓመት በላይ ሳያት ኖሬ የዶርቃ ወዳጅ ናት ብዬ አልፋታለሁ። ኢትዮጵያዊት ናት፤ ናዕማ ትባላለች። ካርቱም አሥራ ሁለት ዓመት ልብስ ስትሸጥ ኖራ በጦርነቱ የሸሸች፣ አሁን ማላኪያ ገበያ፣ በወንድሟ በአልአሚን ሱቅ ውስጥ የምትሠራ። ገብታ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጥና ሰላም ብላን ትወጣለች። ምን ልትሠራ እንደምትመጣ ጠይቄ አላውቅም።

የዚያን ሐሙስ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ዶርቃ ወደ እኔ መጣች። የገጽ አሥራ ሰባት የቀድሞ ቅጂዎች እንቢ ብለዋል፣ አይከፈቱም አለችኝ። ሰርዣቸዋለሁ አልኋት።

"የአሥራ ሰባትን?"

"የሁሉንም።"

ኢሜይሉ የጠፉ ሰዎችን ገጾች አይጨምርም ብላ ተስፋ አድርጋ ኖሯል። ወንበር አልፈለገችም። የሰርቨሩ ክፍል ደፍ ላይ ተቀመጠችና ማክሰኞ ልትነግረኝ የመጣችውን ነገረችኝ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ለጁባ የፈቀደው ስድሳ የጠፉ ሰዎች ገጽ ነው። ስድሳ አንደኛ ለመክፈት ቅጽ ተሞልቶ፣ ወደ አውሮፓ ተልኮ፣ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን ሬንክ በቀን ከሺህ ሰው በላይ ሲገባ ሦስት ሳምንት የሚጠብቅ አልተገኘም። ከዶርቃ በፊት የነበረው ሠራተኛ አንድ መላ አበጀ። አዲስ የጠፋ ሰው ሲመዘገብ፣ ብዙ የቆየውን ገጽ ይከፍትና በላዩ ላይ አዲሱን ስም፣ አዲሱን ፎቶ፣ አዲሱን ታሪክ ጽፎ ያስቀምጣል። የቀድሞው ሰው ከሥር ይገባል። ማን የትኛው ገጽ ሥር፣ ስንተኛው ላይ እንዳለ ደግሞ በደብተር ይይዛል። ዶርቃ ሥራውን ስትረከብ ደብተሩን አብራ ተረከበች። ፈላጊ ሲመጣ ደብተሩን ገልጣ፣ ገጹን ከፍታ፣ ወደ ታች ቆጥራ ሰውየውን ታወጣለታለች። በዚህ መንገድ ሰው ተገናኝቷል፤ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ። ሁለት ዓመት ሙሉ የድርጅቱ እውነተኛ መዝገብ የነበረው እኔ ረቡዕ ጠዋት የሰረዝሁት ቦታ ላይ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ስድሳ የጠፋ ሰው ነው። ደብተሩ ላይ ያሉት ሁለት ሺህ አራት መቶ ናቸው።

ጮኽሁባት። ሥርዓት ለዚህ አልተሠራም፣ ይህ የሥራ ጉድለት ሳይሆን ወንጀል ነው፣ ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቃችሁኝ አልኋት። ብንናገር ይከለክሉናል ብለን ፈርተን ነው አለች፤ ለእርስዎ ለመንገር ግን ማክሰኞ መጥቼ ነበር አላለችም። ይህን አለማለቷ ይበልጥ አናደደኝና ድምፄን ከፍ ባደረግሁበት መሐል ናዕማ በሩ ላይ ቆማ አየኋት።

"ዛሬ አይከፈትም እንዴ?" አለች።

ዶርቃ ወደ እኔ አየች። ናዕማ ምን ልታይ እንደመጣች እንኳ አላውቅም ነበር። ዶርቃ አስረዳችኝ።

ናዕማ ልጇን ያጣችው ሱዳን ውስጥ፣ ኮስቲ ከተማ አውቶቡስ ተራ ነው። ተራው ሰው በሰው ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ልጅ ያላት ሴት ልጇን በመስኮት አሾልካ ታስገባና ወንበር ታስይዛለች፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር። የስድስት ዓመት ልጇን ኻሊድን አነሣችና በመስኮቱ አስገባችው፤ ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሞ እንዲጠብቃት ነገረችው። እሷ ወደ በሩ ስትጋፋ ተኩስ ተሰማ፤ ሾፌሩ በሩን ሳይዘጋ ነዳው። በሚቀጥለው አውቶቡስ ተከተለችው። የፊተኛው አውቶቡስ ሬንክ አልደረሰም።

ሬንክ ስትደርስ ስልኳ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቢሆንም ይሠራ ነበር። መዝጋቢው የኻሊድን ፎቶ ከስልኳ ላይ በራሱ ስልክ አነሣው። ከሳምንት በኋላ ስልኳ ጨርሶ ሞተ፤ የከፈቱት ባለሙያዎች ሁሉ ምንም አናወጣም አሉ። ለዘመድ የላከችው ሌላ ፎቶ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። ጠይቄያለሁ። በመዝጋቢው ስልክ ላይ የነበረው እንደተላከ ተሰርዟል። እናቷ ያላት ስልክ ድምፅ እንጂ ፎቶ አይቀበልም። አልአሚን ጋ ያለው ልጁ አራስ ሳለ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተነሣው ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ የኻሊድ ፊት ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከገጽ አሥራ ሰባት ሥር፣ አሥራ አንደኛው ቅጂ። ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው እሱን ለማየት ነው።

ነገ ይከፈታል አልኋት። መዋሸቴ አልነበረም። መዝገቡ ቢሰረዝም ፎቶዎቹ መጋዘን ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስማቸው የለም እንጂ ፊታቸው አለ፤ ልጇን ደግሞ እናት ታውቀዋለች። ይህን አሰብሁና ነገ ነይ አልኋት፤ ኢንሻ አላህ ብላ ሄደች።

መጠባበቂያ ቅጂ የለም ወይ ለሚለኝ ባለሙያም መልስ አለኝ። አለ፤ በየቀኑ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። ነገር ግን መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ የሚላከው ከላይ የሚታየው ገጽ ብቻ ነው። የቀድሞ ቅጂዎቹ እንዳይላኩ የወሰነው ማን ነው ቢባል፣ እኔ ነኝ። ለዚህም በወቅቱ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎልኛል።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሳይደርስ የመጋዘኑን ፎቶዎች ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ። የሰው መረጃ ከሰርቨሩ ውጭ ማውጣት ከሥራ ያስባርራል፤ ደንቡን ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዲስክ ፍለጋ ማላኪያ፣ አልአሚን ሱቅ ሄድሁ። አልአሚን ከሳሙና እስከ ስልክ ባትሪ ያከፋፍላል። ከአንድ ገዢ ጋር በዐረብኛ እየተከራከረ ነበር፤ ሲያየኝ ኬፍ ኢታ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ለምን እንደመጣሁ እስክጨርስ ሰማኝ። እህቱ ቀድማ ነግራው ነበር።

"እናንተ ቢሮዎች ትገርማላችሁ" አለኝ። "እኔ በዚህ ሱቅ አንድ ካርቶን ሳሙና ጠፍቶብኝ አያውቅም። ለእናንተ ሰው የሚያህል ነገር ሰጥተናችሁ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ጠፋባችሁ?"

አዲስ ዲስክ ከነማሸጊያው ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠኝና ወደ ገዢው ተመለሰ።

ግልበጣውን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስጀመርሁት። ፋይሎቹን በትልቅነታቸው ደርድሬ ሳይ፣ ሰኞ ዕለት ማየት የነበረብኝን አየሁ። ዲስኩን የሞላው የጠፋ ሰው አልነበረም። የኮሙኒኬሽን ክፍሉ የዐውደ ጥናት ቪዲዮዎች ነበሩ። ሪባን ሲቆረጥ፣ እንግዶች ሲጨባበጡ፣ አንድ ኃላፊ ስለ ሰብአዊ ክብር ለሃያ ደቂቃ ሲናገር። ኃላፊው ንግግሩን በወደደው መንገድ እስኪያስቆርጠው ድረስ ያው ቪዲዮ ሰማንያ ጊዜ ተጭኗል፤ ሥርዓቱም ምንም አይጥልምና ሰማንያውንም ይዟል። የጠፉት ሰዎች ፎቶ ሁሉ ተደምሮ ከእነዚያ ቪዲዮዎች የአንዱን ቦታ አይሞላም ነበር። የኮሙኒኬሽኑን ገጾች ለይቼ ባጸዳ ኖሮ ግማሹ ዲስክ ባዶ ይሆን ነበር፤ ሬንክም ረቡዕ ትከፈት ነበር። ይህን ለማወቅ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። አምስቱን ደቂቃ ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ስጽፍበት ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ክርክሩ የማይመለስ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ አልአሚን እህቱን በመኪና አድርሷት ወደ ጉዳዩ ሄደ። ዶርቃ ደብተሩን ይዛ መጣች። ናዕማን የእኔ ስክሪን ፊት አስቀመጥናትና ቀጣዩን ፎቶ የሚያመጣውን ቁልፍ አሳየናት። ዶርቃ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ስታስጠጋላት ናዕማ ተነሥታ መልሳ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች። ቁልፉን ለመጫን እጇን መዘርጋት ነበረባት። ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ፋይሎቹ ስም የላቸውም። ስም በሚኖርበት ቦታ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም መስመር አለ። ፊት መጣ፤ ሌላ ፊት መጣ። በመካከሉ ድንኳን ይመጣል፣ የክትባት ፖስተር ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ፊት። ግንባሩ ላይ የነገዱ ምልክት ያለበት ሽማግሌ። መንታ ሴቶች። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ ልጅ። ናዕማ እያንዳንዱን አይታ ታልፋለች። አንዳንዱ ላይ ትቆያለች፤ የእሷ ሆኖ አይደለም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ዶርቃ ውኃ ስታቀርብላት አልጠጣችም።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ፎቶዎቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ የተደረደሩ ስለሆኑ፣ ከስክሪኑ ጥግ ላይ መጠናቸው ሲቀንስ ይታየኛል። ሦስት መቶ ኪሎባይት፣ መቶ፣ ስድሳ፣ ሠላሳ። መጨረሻው ስንት ነው ብዬ ከሌላ ኮምፒውተር የመጨረሻውን ፋይል አየሁ። አሥራ ስድስት ይላል። ከአሥራ ስድስት በታች አንድም ፋይል የለም።

ከአሥራ ስድስት በታች ያለ ፎቶ ለምን የለም? መልሱን ለማስታወስ ብዙ አልፈጀብኝም፤ በገዛ እጄ የሞላሁት ቅንብር ነው። ትልልቁ ፋይል ወደ መጋዘን ይገባል፤ ከአሥራ ስድስት ኪሎባይት ያነሰው ግን መጋዘን አይደርስም፤ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ እዚያው መዝገቡ ውስጥ፣ ከጽሑፉ ጋር ይቀመጣል። መዝገቡን ደግሞ ረቡዕ ሰርዣለሁ።

ዶርቃን ወደ ኮሪደሩ ጠራኋትና የኻሊድ ፎቶ በምን እንደ መጣ ጠየቅኋት። በመዝጋቢው ስልክ ነው አለች። ያን ሰሞን ሬንክ ኔትወርኩ ደካማ ስለነበረ፣ ስልኩ ፎቶውን እስኪያልፍለት ድረስ እያሳነሰ ነበር የሚልከው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ፎቶዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው።

"በጣም ትንሽ ነበር?"

"ሲሰፋ ይበታተናል። እትዬ ናዕማ ራቅ ብላ ነው የምታየው። ራቅ ሲሉ ፊቱ ይሰበሰባል።"

ደብተሩን ተቀብያት ቆጠርሁና መለስሁላት። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሰው ውስጥ ሰባት መቶ ያህሉ የእነዚያ ወራት ናቸው። በመጀመሪያ የሸሹት፣ ደካማ ስልክ የነበራቸው፣ ኔትወርክ በደከመበት የተመዘገቡት። ጥሩ ካሜራ ፊት የቆመው ተረፈ። የኃላፊው ንግግር ከነሰማንያ ቅጂው ተረፈ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቢሆንም ተረፈ። ይህን ማሽን ነው የሠራው የሚለኝ ሰው ካለ ፊት ለፊት ይምጣ። ማሽኑ የተባለውን ብቻ ነው ያደረገው።

ተመልሼ ስገባ ናዕማ ወደ መጨረሻው እየተጠጋች ነበር፤ ሁለት መቶ ያህል ቀርቷታል። ዝም ብላት ራሷ ትጨርስና ታጣዋለች፤ ያኔ የለም ማለት ይቀልላል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው አልተላከም ብላ ታስብ ይሆናል። ይህ ሐሳብ መጥቶልኛል፤ አልክድም። በሕይወቴ ሙሉ ሌሎችን በፈሪነት ስከስስ የኖርሁ ሰው ነኝ።

ወንበር ስቤ ጎኗ ተቀመጥሁ።

"ናዕማ፣ ተዪው። ኻሊድ እዚህ ውስጥ የለም። ረቡዕ ጠፍቷል። ትናንት ይከፈታል ያልሁሽ ሳላጣራ ነው።"

እጇን ከቁልፉ ላይ አላነሣችም። "ማን ነው ያጠፋው?"

"እኔ።"

"አውቀህ?"

"አላወቅሁም። አልጠየቅሁም።"

ዶርቃ ግድግዳው ሥር ቆማ ፊቷን በደብተሩ ሸፍና ነበር። ናዕማ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ታያለች፤ የማታውቀው ጎልማሳ ነው።

"አሁን ስምንት ዓመት አልፎታል" አለች። "ጥርሱን ነቅሏል፣ ረዝሟል። በዚያ ፎቶ ማንም እንደማያገኘው አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። እኔ የምመጣው እንዳይጠፋብኝ ነው። ቤት ስሆን አፍንጫው ይጠፋብኛል፤ ጆሮው ይጠፋብኛል። ሐሙስ መጥቼ አየውና ይመለስልኛል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አሁን ሐሙስ ምን ልይ?"



ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከሬንክ ደወሉ። ናዕማ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። ሁለተኛው ማጽዳት ካልተካሄደ አዲስ ሰው መመዝገብ እንደማይቻል፣ ከሰኞ ጀምሮ የተሰለፈው ሰው እየጨመረ እንደሆነ ነገርኋት። የተረፉት ፎቶዎች በአልአሚን ዲስክ ላይ ተገልብጠዋል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠፋ ፊት የለም አልኋት። ይህንን እንኳ ከመናገሬ በፊት ሁለት ጊዜ አጣርቼ ነበር።

"እነሱ ይመዝገቡ እንጂ" አለች፤ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ዶርቃ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት።

ማጽዳቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ሲያበቃ ከዲስኩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ከሬንክ የመጀመሪያው ፎቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ፤ አንድ እጁን በፋሻ የጠቀለለ ሽማግሌ። ዶርቃ እንደ ልማዷ የቆየ ገጽ ልትከፍት ስትል ከልክዬ ለሽማግሌው የራሱን አዲስ ገጽ ከፈትሁለት፤ ፈቃድ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሆነውን ሁሉ ጻፍሁ። የረቡዑን ትእዛዝ፣ ማክሰኞ ዶርቃን እንዴት እንደመለስኋት፣ ሰባት መቶውን ሰው፣ ዲስኩንም ሳልደብቅ። በሦስተኛው ቀን ለማብራሪያ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች በስክሪን ላይ ሁለት ሰዓት ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም ሰዓት ስለ ዲስኩ ነው። ማን ፈቀደ፣ የት ተገዛ፣ ቁልፍ አለው ወይ። ስለ ሰባት መቶው አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ውሌ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ አይታደስም። አልተከራከርሁም። በእኔ ላይ መፍረድ ተገቢ ነው፤ የፈረዱበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዲስኩን አስረክብ ሲሉኝ ገና ሥራ ላይ ነው አልኋቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ናዕማ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። መጣች። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ እንድትሰጠኝም አልጠበቅሁም። ለዶርቃ፣ ባለፈው ያላየኋቸው ሁለት መቶ ቀርተው ነበር አለቻት። ዶርቃ ኻሊድ እነሱ ውስጥ እንደሌለ ልታስታውሳት ስትሞክር አቋረጠቻት።

"አውቃለሁ ዶርቃዬ። አሥራ ሁለት ዓመት ካርቱም ልብስ ሸጫለሁ። ስንቱ ሰው ከነልጁ እኔ ጋ መጥቶ ለብሷል፤ የማውቀው ፊት አይጠፋም።"

ዲስኩን ሰካሁላት። ዶርቃ ደብተሩን ገልጣ አጠገቧ ተቀመጠች። ናዕማ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ማየት ጀመረች። ከመቶ በላይ ፊት አለፈ። አንዲት ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ፀሐይ ዓይኗን የወጋት ልጅ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ይቺ የዘኪያ ልጅ ናት" አለች። "አሁን ጀበል ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ዘኪያ። ካርቱም ሳለን ለዒድ ቀሚስ የገዛችላት ከእኔ ነው።"

ዶርቃ ጣቷን በደብተሩ ላይ እያንሸራተተች ፈለገች። "ገጽ አርባ ሁለት ላይ የዘኪያ ልጅ የምትል አለች። ዓፊፋ።"

"ዓፊፋ ናት።"

ከፎቶው ሥር ባለው ረጅም መስመር ፋንታ ዓፊፋ ብዬ ጻፍሁ፤ የእናቷንም ስም ጻፍሁ፤ ዶርቃ ስልኩን አንሥታ፣ ዘኪያን እንዲፈልጋት፣ ጀበል ገበያ ላለው መዝጋቢያችን መደወል ጀመረች። ናዕማ ልጅቷን ትንሽ አየቻትና ቀጣዩን ተጫነች።